ሴፍቲኔት ሠርቷል? ከማን ጋር ሲወዳደር?

ጥያቄ፦ «በአንድ የሴፍቲኔት ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት እሠራለሁ፤ ጎን ለጎን ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፌ ልማታዊ ሴፍቲኔት፣ ማለትም ድሃ ቤተሰቦችን በአብዛኛው በማህበረሰብ ሥራ እያሳተፈ ብር ወይም እህል የሚከፍለው ፕሮግራም፣ ለውጥ አምጥቷል ወይስ አላመጣም የሚለውን ልሠራ አሰብኩ። ሐሳቤ የእኛን ወረዳ ሴፍቲኔት ከሌለባት ጎረቤት ወረዳ ጋር ማወዳደር ነበር። የመጀመሪያውን መረጃ ሳየው ግን ጎረቤቶቻችን በሁሉም ነገር ይሻላሉ። አለቃዬ ‹ይሄን ካወጣሽው ፕሮግራሙ ከሽፏል ማለት ነው› አለኝ። አማካሪዬ ደግሞ ‹የየቦታው ሁኔታ ስለሚለያይ ንጽጽር ለፖሊሲ ግምገማ አይሆንም፤ የራስሽን ወረዳ ብቻ በፊትና በኋላ እዪ› አሉኝ። ማንን ልስማ?»

ምላሽ፦

ሁለቱንም አትስሚ። አማካሪሽን ተከትለሽ ንጽጽሩን ብትተዪው ጥናት አይኖርሽም። አለቃሽ እንዳለው ብታነቢው ደግሞ ሐሰት ትጽፊያለሽ።

ከአለቃሽ ልጀምር። ጎረቤት ወረዳ የምትሻለው ሴፍቲኔት ስለሌለባት አይደለም። ሴፍቲኔት የሌለባት ስለምትሻል ነው። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲጀመር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ወረዳዎቹ ዕጣ ወጥቶላቸው አልገቡም። የገቡት ዝናብ ጣለም አልጣለ በየዓመቱ የእርዳታ እህል ሲጠብቁ የኖሩት ናቸው። ወረዳው ውስጥም ቢሆን የቀበሌው ግብረ ኃይል ቁጭ ብሎ የመረጠው ድሃ ድሃውን ነው። እንግዲህ ድሆቹን መርጠሽ ካስገባሽ በኋላ «የገቡት ካልገቡት ይልቅ ድሃ ሆነው ተገኙ» ማለት፣ ጠበል ቦታ ሄዶ የበሽተኛውን ብዛት አይቶ «ይሄ ጠበል ሰው ያሳምማል» እንደማለት ነው። ያየሽው ልዩነት እውነተኛ ነው። የሚነግርሽ ግን ስለ ምርጫው ነው፤ ስለ ፕሮግራሙ ምንም አይልም።

አማካሪሽ የየቦታው ሁኔታ ይለያያል ማለታቸው ልክ ነው። ከዚያ ተነስተው የደረሱበት መደምደሚያ ግን አያስኬድም። «በፊትና በኋላ» ራሱ እኮ ንጽጽር ነው። የምታወዳድሪው ከትናንቱ ወረዳ ጋር ነው፣ የትናንቱ ወረዳ ደግሞ ሌላ ዝናብ፣ ሌላ የእህል ዋጋ፣ ሌላ መንገድ ነበረው። እስቲ በ2014 እና በ2016 የተሰበሰበ መረጃ አለሽ እንበል። በመሃሉ የ2015ቱ ኤልኒኞ ድርቅ አለ፤ ያኔ 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ የምግብ እርዳታ ያስፈልገዋል ተብሎ ጥሪ የቀረበበት ዓመት ነበር። በፊትና በኋላ ብቻ ብታዪ «ሴፍቲኔት ሰውን አስራበ» የሚል ጽሑፍ ነው የሚወጣሽ። ዘመኑ የጥጋብ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ዝናቡ የሠራውን ሥራ ለፕሮግራሙ ትሰጪው ነበር። ፖሊሲ ሲገመገም በተደጋጋሚ የማየው ስህተት ይሄ ሁለተኛው ነው። ሪፖርት ላይ ቆንጆ ሆኖ ስለሚታይ ማንም አይጠይቅበትም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ጥያቄው መጀመሪያ ምን እንደሆነ እንያዝ። ማወቅ የምትፈልጊው እነዚህ ቤተሰቦች ሴፍቲኔት ባይኖር ኖሮ ዛሬ እንዴት ይሆኑ ነበር የሚለውን ነው። ያ ኑሮ የለም፤ ማንም አላየውም። ስለዚህ የሚተካው ሌላ ሰው መፈለግ አለብሽ። ለእነሱ ምትክ ሆኖ «ባይገቡ ይሄን ይመስሉ ነበር» የሚያስብል ቤተሰብ፣ ቀበሌ ወይም ወረዳ ማለት ነው። በዚህ ሙያ ያሉት ዘዴዎች ሁሉ፣ ስማቸው ምንም ቢያስፈራ፣ ምትኩ ማን ይሁን የሚል ክርክር ናቸው። ንጽጽር ያስፈልጋል አያስፈልግም የሚል ክርክር የለም።

አሁን ቀላሉን ማስተካከያ ልንገርሽ። ደረጃን ከደረጃ ጋር አታወዳድሪ፤ ለውጥን ከለውጥ ጋር አወዳድሪ። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል የኔ ነው። የእናንተ ወረዳ ሰው ድሮ በዓመት ስድስት ወር ምግብ ያጥረው ነበር፣ አሁን አራት ወር ያጥረዋል እንበል። የጎረቤቶቻችሁ ድሮ ሦስት ወር ነበር፣ አሁን ሁለት ወር ተኩል ሆኗል። የዛሬውን ብቻ ካየሽ አራት ከሁለት ተኩል ይበልጣል፣ አለቃሽ «ከሸፈ» ይላል። ለውጡን ካየሽ የእናንተ ሁለት ወር ቀንሷል፣ የእነሱ ግማሽ ወር። ያ ግማሽ ወር ዝናቡም፣ ገበያውም፣ ሌላውም የሠራው ነው፤ እናንተም ያለ ሴፍቲኔት ታገኙት ነበር ብለን እንወስዳለን። ቀሪው አንድ ወር ተኩል ነው ለፕሮግራሙ የሚቆጠረው። መረጃው ያው ነው፣ መልሱ ግን ተገለበጠ።

ይሄ ዘዴ ስም ያገኘው አሜሪካ ውስጥ በተሠራ አንድ ጥናት ነው። ኒው ጀርሲ በ1992 ዝቅተኛውን የሰዓት ደመወዝ ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር አሳደገች። ድንበርተኛዋ ፔንሲልቬንያ ባለበት ተወችው። ዴቪድ ካርድና አለን ክሩገር በሁለቱም ወገን 410 ፈጣን ምግብ ቤቶችን ከጭማሪው በፊትና በኋላ ጠየቁ። ደመወዝ ሲጨምር ሠራተኛ ይቀነሳል ተብሎ ይጠበቅ ነበር፤ እነሱ ግን በኒው ጀርሲ በንጽጽር ሲታይ ቅጥር ቀነሰ የሚል ነገር አላገኙም። ሌሎች ተመራማሪዎች የደመወዝ መዝገብ ይዘው መጥተው ሞገቷቸው፣ ክርክሩም ለዓመታት ቀጠለ። ካርድ በ2021 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ሆነ። ከዚህ የምትወስጂው ነገር ድንበር ለድንበር ያሉ ሁለት ቦታዎችን ማወዳደር ነውር አለመሆኑን ነው። የሚያስፈልገው ከሁለቱም ወገን የ«በፊት» መረጃ መኖሩ ነው፤ በተጨማሪም ፖሊሲው ባይመጣ ሁለቱም በአንድ ዓይነት መንገድ ይጓዙ ነበር ለማለት የሚያስደፍር ምክንያት ሊኖርሽ ይገባል።

ያ ሁለተኛው ሁኔታ ላይ ነው አንቺ የምትቸገሪው። አንደኛ፣ በጣም በከፋ ዓመት የተመረጠ ቦታ በሚቀጥለው ዓመት ማንም ሳይነካው ትንሽ ያገግማል፤ ያን ማገገም ለፕሮግራሙ እንዳትሰጪ። የሚቻል ከሆነ ከፕሮግራሙ በፊት የነበሩ የብዙ ዓመታት መረጃ ፈልጊና ሁለቱ ወረዳዎች አብረው ከፍ ዝቅ ይሉ እንደነበር እዪ። አንዷ ቆላ ሌላዋ ደጋ ከሆኑ፣ አንዷ በልግ አምራች ሌላዋ መኸር ብቻ ከሆኑ፣ ነገሩን ተዪው፤ ምትክ አይሆኑም። ሁለተኛ፣ ሴፍቲኔት አጥር የለውም። በማህበረሰብ ሥራው የተሠራው እርከን የሁሉንም ማሳ ነው የሚጠብቀው፣ የተከፈለው ብርም ጎረቤት ገበያ ይወርዳል። ስለዚህ «ያልተነካ» ያልሽው ሰው ትንሽ ተነክቶ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ደግሞ ምረቃ ነው። ኑሮው የተሻሻለው ይመረቅና ከዝርዝሩ ይወጣል። ዛሬ ዝርዝሩ ላይ ያሉትን ብቻ ከጠየቅሽ ያልተሻሻሉትን ብቻ ነው የጠየቅሽው። የተመረቁትንም ፈልገሽ አግኚያቸው፤ ያለ እነሱ ሥራሽ ባዶ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ምትክ የሚገኘው በዕጣ ነው። ዕጣ ሀብታምና ድሃ፣ ጎበዝና ሰነፍ ስለማይመርጥ ሁለቱ ወገኖች ሲነሱ እኩል ይሆናሉ። ሜክሲኮ በ1997 ፕሮግሬሳ የሚባለውን የገንዘብ ድጋፍ ስትጀምር ከ506 መንደሮች 320ዎቹ ቀድመው እንዲገቡ፣ 186ቱ ደግሞ ቆይተው እንዲገቡ በዕጣ ለየች። ልጆቻቸውን ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ለሚልኩ እናቶች ነበር ገንዘቡ የሚሰጠው። ማስረጃው ጠንካራ ስለነበር በ2000 መንግሥት ሲቀየርም ፕሮግራሙ አልተጣለም። ብዙ አገሮችም ቀዱት።

የእኛም አገር ምሳሌ አለው፣ እኔም ብዙ ጊዜ አነሳዋለሁ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን ኢትዮጵያ ውስጥ አምስት ድርጅቶች ጋር ለሥራ ካመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎች መካከል ማን እንደሚቀጠር በዕጣ ወሰኑ። አንዱ ቡድን የፋብሪካ ሥራውን አገኘ፣ ሌላው ሥልጠናና 300 ዶላር ያህል ገንዘብ ተሰጠው፣ ሦስተኛው ምንም። ፋብሪካ ድህነትን ይቀርፋል የሚለው ሁላችንም የያዝነው እምነት ነበር። ውጤቱ ግን ፋብሪካ የገቡት ካልገቡት የተሻለ አላገኙም፤ ሲሶው በመጀመሪያው ወር ለቀቀ፤ የጤና ችግርም ጨመረባቸው። ገንዘብ የተሰጣቸው ገቢያቸው በመጀመሪያው ዓመት ከፍ አለ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲጠየቁ ደግሞ በሦስቱ ቡድኖች መካከል የነበረው ልዩነት ጠፍቶ ነበር ማለት ይቻላል። ያለ ማወዳደሪያ ቡድን ይሄን ማንም አያየውም ነበር። የተቀጠረውን ብቻ ጠይቀሽ «ደመወዝ አግኝቷል» ብለሽ ትመለሻለሽ። አንድ ዓመት ላይ ብቻ ለክተሽ ብታቆሚ ኖሮም ሌላ ታሪክ ነበር የምትጽፊው።

አንቺ ዕጣ ማውጣት አትችዪም። ፕሮግራሙ ከተጀመረ ቆየ፣ ችግረኛን በዕጣ መከልከልም ለአንድ መመረቂያ ጽሑፍ ተብሎ አይደረግም። ስለዚህ የሴፍቲኔቱ ገምጋሚዎች ራሳቸው ምን እንዳደረጉ እዪ፤ የነሱም ችግር ያንቺው ነበር። የመጀመሪያው ትልቅ የቤተሰብ ዳሰሳ የተሰበሰበው በ2006፣ ፕሮግራሙ ከተጀመረ ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ንጹሕ የ«በፊት» መረጃ አልነበራቸውም። ዳንኤል ጊሊጋን፣ ጆን ሆዲኖትና አለማየሁ ስዩም ታፈሰ ያደረጉት ተጠቃሚውን በቤተሰብ ብዛት፣ በመሬት፣ በከብትና በመሳሰሉት ከሚመስለው ተጠቃሚ ካልሆነ ቤተሰብ ጋር ማጣመር ነበር። ወረዳን ከወረዳ ጋር አላወዳደሩም፤ ሰውን ከሚመስለው ሰው ጋር እንጂ። ሲያጣምሩ በአማካይ ያገኙት ውጤት ትንሽ ሆነ። እዚያ ቢያቆሙ «አልሠራም» ተብሎ ይዘጋ ነበር። እነሱ ግን ቀጠሉና ለሰዉ በእጁ ስንት እንደደረሰው አዩ። ብዙው ሰው በዕቅዱ ከተባለው በጣም ያነሰ ነበር የደረሰው። ይደርሳችኋል ከተባለው ቢያንስ ግማሹን ያገኙት ላይ የምግብ ሁኔታው ተሻሽሎ ተገኘ። ሴፍቲኔቱን ከሌላው የምግብ ዋስትና ፓኬጅ (ብድርና የግብርና ድጋፍ ከመሳሰሉት) ጋር ያገኙት ደግሞ የበለጠ።

ይሄ ልዩነት የጽሑፍሽ ልብ ሊሆን ይገባል። «ፖሊሲው አልሠራም» እና «ፖሊሲው አልደረሰም» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ፖሊሲውን ቀይሩ ይላል። ሁለተኛው ክፍያውን በሰዓቱ አድርሱ ነው የሚለው። አምታተሽ ብትጽፊው የሚጎዳው በሐምሌ ጎተራው ባዶ የሆነበት ሰው ነው።

ቀጥሎ የመጣው ጥናት ደግሞ ይበልጥ ብልህ ነው። ጉሽ ብርሃነና ባልደረቦቹ ተጠቃሚውን ከማይጠቀመው ጋር ማወዳደሩን ትተው ተጠቃሚን ከተጠቃሚ ጋር አወዳደሩ፦ ለአምስት ዓመት በማህበረሰብ ሥራው የተሳተፈውን ለአንድ ዓመት ብቻ ከተሳተፈው ጋር። ሁለቱም የተመረጡ ድሆች ስለሆኑ የምርጫው ችግር በብዙ ይቀላል። ለአምስት ዓመት የተሳተፉት የምግብ እጥረት ወራታቸው በ1.29 ወር አጥሮ ተገኘ። የከብት ሀብታቸውም ትንሽ ጨመረ። አንድ ወር ከሳምንት ምን አላት የሚል ካለ፣ ነሐሴን ያለ እህል ያሳለፈ ሰው ይጠይቅ።

አሁን ማንም መማሪያ መጽሐፍ በደንብ የማይነግርሽን አንድ ነገር ልንገርሽ። አንድ ጊዜ ለዳሰሳ አንድ ግቢ ገባን። እማወራዋ ቡና አፈሉልን፣ ጠያቂው ቅጹን አወጣና «ስንት በሬ አለዎት?» አላቸው። «የለኝም» አሉ። በረቱ ውስጥ ያደረ እበት ትኩስ ነው፣ ገመዱ ካስማው ላይ ታስሮ ተንጠልጥሏል። ስንወጣ ጎረቤት አጥር ሥር ሁለት በሬ ገለባ ይበላል። ሴትዮዋ ውሸታም ሆነው አይደለም። ቅጹን የያዘ ሰው ሲያዩ የምረቃ ዝርዝር ሊያወጣ የመጣ መሰላቸው፤ በሬ አለኝ ማለት ከሴፍቲኔት መውጣት ነው። ጎረቤት ወረዳ ውስጥ ግን በሬ የሚያስደብቅ ምክንያት የለም። ይሄ ማለት መጠይቅሽ በሁለቱ ቦታዎች እኩል አይለካም፤ ስንት የተራቀቀ ስሌት ብትሠሪ ያን አያስተካክለውም። ከቻልሽ አንቺና ባልደረቦችሽ በምትታወቁበት ቀበሌ ሌላ ሰው ይጠይቅልሽ። መጀመሪያ ላይ ጥናቱ ከምረቃ ጋር ግንኙነት እንደሌለው ንገሪያቸው፤ ቃልሽንም ጠብቂ።

አገርን ከአገር ስለማወዳደርም ትንሽ ልበል፣ አማካሪሽ «ንጽጽር» ሲሉ ይሄን አስበው ሊሆን ስለሚችል። እዚህ ላይ ጥርጣሬያቸውን እጋራለሁ። «ኮሪያ ያኔ ከእኛ በታች ነበረች፣ ወታደር ልከን የረዳናት አገር ዛሬ የት ደረሰች» የሚለውን ስንት ጊዜ ሰምተናል! ወታደሮቻችን የደረሱት በ1951 ነው፤ ኮሪያ በጦርነት ደቃ ነበር። ግን የመሬት ስሪቷን ያኔ ገደማ ነው የቀየረችው፣ እኛ የቀየርነው በ1975 ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አብዛኛው ኮሪያዊ ማንበብና መጻፍ ይችል ነበር፣ እኛ ጋር አብዛኛው ሰው አይችልም ነበር። የመነሻው ልዩነት ይሄን ያህል ከሆነ አንድን ፖሊሲ ነጥለሽ «ይሄ ነው ያሳደጋት» ማለት አትችዪም። ሁለት አገር ይዘሽ ሃያ ልዩነት ሲኖርሽ የትኛው እንደሠራው አይታወቅም። የፕሮግሬሳም ነገር እንዲሁ ነው፤ ልጁን ትምህርት ቤት ለሚልክ ክፈል የሚለው ሕግ በእግር የሚደረስ ትምህርት ቤት በሌለበት ቦታ ምን ይሠራል? አገርን ከአገር ማወዳደር «እንዴት አደረጉት፣ የት ተሰናከሉ፣ እኛ ምን ይጎድለናል» ለሚሉ ጥያቄዎች እጅግ ይጠቅማል። «ስንት ፐርሰንት ለውጥ አመጣ» ለሚለው ግን አትጠቀሚበት።

ምክሬ እንግዲህ ይሄ ነው። የሁለት ወረዳዎች ንጽጽሩን ተዪው፣ ሁለት ነገር ይዞ ብዙ ማለት አይቻልም። ጥያቄሽንም «ሴፍቲኔት ሠርቷል ወይ» ከሚለው «ክፍያው በሙሉና በሰዓቱ የደረሰው ቤተሰብ፣ ካልደረሰው ተመሳሳይ ቤተሰብ ምን ያህል ተሻለ» ወደሚለው ቀይሪው። እዚያው ወረዳሽ ውስጥ ሥሪው። ከሦስት አራት ቀበሌ ብዙ ብዙ ቤተሰብ ከመውሰድ ከብዙ ቀበሌ ጥቂት ጥቂት ውሰጂ፣ ምክንያቱም የአንድ ቀበሌ ሰው ዝናቡም ሊቀመንበሩም አንድ ነው። ግን ክፍያ ለምን እንደዘገየ አጣሪ፤ የዘገየው ቀበሌው ሩቅና መንገድ የሌለው በመሆኑ ከሆነ እንደገና ድሃን ከሻለ ጋር እያወዳደርሽ ነው፣ ስለዚህ ከመንገድ ያለውን ርቀት መዝግበሽ በርቀት የሚቀራረቡትን አጣምሪ። ለመግባት ጥቂት ጎድሏቸው የቀሩ፣ ግብረ ኃይሉ ተከራክሮ የተዋቸው ቤተሰቦች ካሉም በጣም ጥሩ ምትክ ናቸው፤ የቀበሌው ቃለ ጉባኤ ላይ ስማቸው ይገኛል። መደምደሚያሽ ላይ ደግሞ ይሄ ውጤት የሚናገረው ስለ እናንተ ወረዳና ስለ እነዚያ ዓመታት መሆኑን በግልጽ ጻፊ። አማካሪሽ የሚፈሩት ነገር በዚህ ይመለሳል።

አንድ ነገር ግን ሳይውል ሳያድር አድርጊ። ይሄ ሁሉ የሚቆመው በክፍያ ዝርዝሩ ላይ ነው፦ ማን፣ በየትኛው ወር፣ ስንት ቀን ሠርቶ፣ ስንት ብር ወይም ስንት ኪሎ፣ መቼ ፈረመ። ቢሮሽ ስለሆነ ከማንም በላይ ቅርብ ነሽ። በደብዳቤ አስፈቅደሽ የሁሉንም ዓመት ቅጂ ያዢ፣ ስሞቹን በቁጥር ተኪና ዋናውን ቆልፈሽ አስቀምጪ። አዲሱ የምረቃ ዝርዝር ከመውጣቱ በፊት ይሁን፤ ከዚያ በኋላ የቆየው መዝገብ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይወርድና አይጥ ይበላዋል።